ቁልፉ የጠፋው ቁም ሳጥን

ጫኞቹ መጀመሪያ ያማረሩት በክብደቱ ነው። ከጠዋት ጀምረው ከዩኒቨርሲቲው የአሮጌ ዕቃ መጋዘን እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ መሳቢያው የወለቀ ጠረጴዛ፣ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ኮምፒውተር እያወጡ መኪናው ላይ ሲጭኑ ማንም አላጉረመረመም። ግራጫው የብረት ቁም ሳጥን ላይ ሲደርሱ ግን ለአራት ተያይዘውት ንቅንቅ አልል አላቸው።

"ድንጋይ ነው እንዴ የሞሉበት?" አለ አንዱ።

"የቢሮ ሰው ምን ይታወቃል፤ ወረቀቱን ቆልፎበት ረስቶት ይሆናል።"

እጀታውን ሳቡት፤ ተቆልፏል። በብረት ዘንግ ፈልቅቀው ከፈቱት።

ወረቀት አልነበረም። የመጋዘኑ ኃላፊ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ ጭንቅላታቸውን ጎን ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጫኝ "ጋሼ" ብሎ ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። ገላቸው ቀዝቅዞ ደርቋል።

ግቢው ውስጥ የሚታወቁት ጋሽ ይጠገናል በሚለው ቅጽል ስም ነበር። ወንበር ተሰብሮ ቢመጣላቸው "ይጠገናል"፤ ኮምፒውተር አልበራም ቢሏቸው "ይጠገናል"፤ አንዱ ሠራተኛ ከሚስቱ ተጣልቶ ቢያዋያቸውም መልሳቸው ያው ነበር። አንዳንዱ ይጠገናል፤ አንዳንዱ አይጠገንም። እሳቸው ግን ሳይሞክሩ ወደ ቆሻሻ መወርወርን እንደ ነውር ነበር የሚያዩት።

ኢንስፔክተሯ ከረዳቷ ሳጅን ጋር ስትደርስ የግቢው አስተዳዳሪ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ፊቱን አሳዝኖ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቃት።

"አሳዛኝ አደጋ ነው" አላት። "መጠጥ ቢጤ ያዘወትሩ ነበር ይባላል። ጋደም ልበል ብለው ገብተው በሩ ተዘግቶባቸው ይሆናል። ለሠራተኛውም ይህንኑ በማስታወቂያ ገልጸናል።"

"ገልጻችኋል? ሐኪም ሬሳውን ሳያይ?"

"ሐሜት እንዳይናፈስ ብለን ነው።"

ኢንስፔክተሯ አልፋው ገባች። ከሟቹ ጆሮ ጀርባ የደረቀ ደም አለ። እዚያው አጠገብ ካለው የብረት ጠረጴዛ ማዕዘን ላይ ደም ተጠርጓል፤ የጠረገው ሰው ግን ቸኩሎ ስለነበር ጠርዙ ሥር ያለው ስንጥቅ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ የቁም ሳጥኑን በር ተመለከተች። የመቆለፊያው ምላስ ጠሟል እንጂ የቁልፉ ቀዳዳ ደህና ነው። በቁልፍ ካላዞሩት የማይቆለፍ ዓይነት ነው።

"ቁልፉስ?" ብላ ጫኞቹን ጠየቀች።

"እዚህ የሚመጣ ቁም ሳጥን ቁልፍ የለውም፣ እመቤቴ። ሁሉም ቁልፉ ጠፍቶ ነው የሚጣለው።"

ወደ አስተዳዳሪው ዞረች። "እስኪ ያስረዱኝ። ሰክረው ገቡ እንበል። ከገቡ በኋላ ከውጭ በቁልፍ የቆለፉት እንዴት አድርገው ነው?"

አስተዳዳሪው ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። "እሱን እንግዲህ እናንተ ታጣሩታላችሁ።"

"እናጣራለን። እስከዚያው ማስታወቂያውን ያንሱልኝ።"

ማስታወቂያው በማግስቱም ተለጥፎ ነበር።

ሳጅኑ ጉልበቱን እያማረረ መጋዘኑን ፈተሸ። ከወንበሮች ክምር ጀርባ የቁም ሳጥኑን መደርደሪያዎች አገኘ። ሰው ይገባ ዘንድ አንድ በአንድ ተነቅለዋል። ጠርዛቸው ላይ የደበዘዘ ወረቀት አለ፤ አንዱ "የቆዩ ጋዜጦች"፣ ሌላው "የቆዩ መጽሔቶች" ይላል። በሌላው ጥግ ደግሞ በአሮጌ መጋረጃ የተሸፈኑ ዕቃዎች ነበሩ። መጋረጃውን ሲገልጠው ሳቁ መጣበት።

"ይህን ደግሞ ማነው አርጅቷል ያለው? ሙሽራ እኮ ነው፤ ገና ከላስቲኩ አልወጣም።"

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየች። የጽሕፈት መሣሪያ የሚመስል አለ፤ ግን ያሉት ስድስት ትልልቅ ቁልፎችና አንድ ረጅም ቁልፍ ብቻ ናቸው። ማተሚያ የሚመስልም አለ፤ ቀለም የሚገባበት ግን የለውም። ምንነታቸው አልገባትም። ተጥለው እንዳልሆነ ግን ገባት፤ የተጣለ ዕቃ መጋረጃ አይደረብለትም።

*

የመጋዘኑን ዕቃ ለማቅለጫ የገዛው ሰው ብረቱ ይባላል። ትከሻው ሰፊ ነው። ሲናገር ድምፁን ቀንሶ አያውቅም።

"ትናንት ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ" አለችው ኢንስፔክተሯ።

"ተጣልተናል። ሰው አይጣላም እንዴ?"

"በምን ነገር?"

"በእነዚያ በላስቲክ በተጠቀለሉት። እኔ የተዋዋልኩት መጋዘን ሙሉ ዕቃ ነው። እሳቸው ደግሞ 'ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ባለቤት አለው፤ ስለማልሰጥህ አትድከም' አሉኝ። ተናገርኳቸው፤ ተናገሩኝ፤ ሄድኩ።"

"ከዚያ በኋላ ተመልሰህ መጥተሃል?"

"አልመጣሁም።"

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። ኢንስፔክተሯም ልብ አለችው።

የግቢው የኋላ በር ዘበኛ ሌላ ነገር ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ብረቱ ባዶ መኪናውን ይዞ በኋላ በር ገብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ፊቱን አጨፍግጎ ወጥቷል። ሐኪሙም ደውሎ ሟቹ ያረፉት ወደ ማምሻው ገደማ እንደሚሆን ነገራት።

"አለቀ፤" አለ ሳጅኑ። "ተጣላ፣ ተመልሶ መጣ፣ ዋሸ። ምን ቀረን?"

"ቁልፉ።"

"ቁልፍ ብረት ነው፤ ሰውየውም ብረቱ ነው።"

"ያዘው" አለችው ሳትስቅ። "ግን ልብህን አትጣልበት።"

*

የቤተ መጻሕፍቱ ሹም ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። ወገቡ ላይ የቁልፍ ቀለበት ተንጠልጥሏል። ቢሮውን በቁልፍ ከፍቶ አስገባቸው። ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶ ብትጠይቀው መሳቢያውን በቁልፍ ከፍቶ ሰጣትና መልሶ ቆለፈው።

"እሳቸውን የመሰለ ሰው አይገኝም" አለና መሐረቡን አወጣ። "ትሑት፣ ሥራ ወዳድ። ልቤ ተሰብሯል።"

"ቁም ሳጥኑ የእናንተ ነበር?"

"የእኛ ነበር። ቁልፉ ስለጠፋ አምና አስወገድነው።"

"ትናንት የት ዋሉ?"

"ከምሳ በኋላ እስኪመሽ አዳራሽ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲውን የሚረዱ እንግዶች መጥተው ነበር፤ ንግግርም አድርጌያለሁ። አስተዳዳሪውን ይጠይቋቸው።"

አስተዳዳሪው ተጠየቀ፤ እንግዶቹም ተጠየቁ። ሹሙ እውነቱን ነው። አስተዳዳሪው ራሱም ከአዳራሹ አልወጣም። ስለማስታወቂያው ስትጠይቀው ግን ምክንያቱን አልደበቀም።

"እንግዶቹ ገና ከተማ ውስጥ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ሰው ተገደለ ሲባል ምን ይላሉ?"

"የሟቹ ባለቤትስ ምን ይላሉ?"

ይህን አስቦበት አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ታየ።

*

ወደ መጋዘኑ ሲመለሱ አንዲት ተማሪ በሩ ላይ በተዘረጋው የፖሊስ ገመድ ፊት ቆማ አገኟት። ነጭ በትር ይዛለች።

"ጋሽ ይጠገናልን ፈልጌ ነበር" አለች የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ። "ትናንት ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ 'የእናንተ መሣሪያ ቁልፉ ስድስት ነው?' ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኳቸው። 'እንግዲያው ነገ ብቅ በዪ፤ ከመልካም ወሬ ጋር እጠብቅሻለሁ' አሉኝ። ምነው፣ ዛሬ የሉም?"

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢንስፔክተሯ ነገሩን አላድበሰበሰችም፤ ክንዷን ይዛ ወንበር ላይ አስቀምጣት ነገረቻት። ልጅቱ በትሯን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ከዚያ "ስለ መሣሪያው ነው?" ብላ ጠየቀች።

"አላውቅም። እስኪ አንቺ እዪልኝ።"

እጇን መርታ ወደ ጥጉ ወሰደቻት። የልጅቱ ጣቶች በላስቲኩ ላይ ሄደው ሄደው ስድስቱ ቁልፎች ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"የብሬል መጻፊያ ነው። ያኛው ማተሚያው ይሆናል፤ ወረቀት እየወጋ ነው የሚጽፈው፤ ቀለም አይፈልግም።" እጇን መልሳ በላስቲኩ ላይ አሻሸች። "አልተከፈተም። ግቢ ከገባን ጀምሮ ስንጠይቅ አንዱ 'በመንገድ ተሰብሯል' ይለናል፤ ወደ ሌላው ስንሄድ 'ገና አልደረሰም' ይለናል። ሳይደርስ የሚሰበር ዕቃ ብርቅ ነው ብለን እርስ በርሳችን እንስቅ ነበር።" እጇን ከላስቲኩ ላይ አነሣች። "እዚሁ ነበር እንዴ?"

"ማን ነበር እንዲህ የሚላችሁ?"

"ቤተ መጻሕፍቱም፣ አስተዳደሩም። አንዱ ወደ አንዱ ይልከናል። ትናንት የመጡት እንግዶች የለገሱን ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን አዳራሽ አልተጠራንም። በበር አልፈን ስንሰማ፣ መሣሪያዎቹ በኤሌክትሪክ ተቃጥለው ተወገዱ ተባለላቸው።"

ኢንስፔክተሯ ፊቷ ጋለ። ሹሙንና አስተዳዳሪውን አሰበች፤ ሁለቱም ከሰዓቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት ነበሩ።

*

ብረቱ ሌሊቱን ጣቢያ አድሮ ጠዋት ኢንስፔክተሯን ላናግር አለ። ፊቱ አብጧል፤ እንዳልተኛ ያስታውቃል።

"ዋሽቼሻለሁ" አለ። "ተመልሼ ነበር። ልታረቃቸው ነው የሄድኩት። የመጋዘኑ በር ተዘግቷል፤ ውስጥ ግን ቋ፣ ቋ ይላል። እየጠገኑ ነው ብዬ 'ጋሼ ክፈቱልኝ' ብዬ ተጣራሁ። ድምፅ የለም፤ መልሶ ቋ፣ ቋ። አኩርፈውኝ ነው አልኩ። እኔም ደሜ ፈላ። 'እንደ ፍጥርጥርዎ' ብዬ ሄድኩ።" በእጁ ፊቱን ሸፈነ። "ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ነው የገባኝ። አንኳኩተው ነበር። ለእኔ ነበር የሚያንኳኩት።"

ሳጅኑ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ ብረቱን ግን ከማንም በላይ የመታው የራሱ ጆሮ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ለሐኪሙ ደወለች። "ያረፉት ማምሻውን ነው ብለኸኛል። የተመቱት ግን ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል?"

"ይችላል እንጂ። ደሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የፈሰሰው። የጣቶቻቸው አንጓዎች ቆስለዋል፤ ጥፍራቸው ውስጥም ግራጫ ቀለም አለ።" ከዚያም ጨመረ፤ "በጊዜ ሐኪም ቤት ደርሰው ቢሆን አይሞቱም ነበር።"

ስልኩን ዘጋች። የሁሉንም ሰው ውሎ ያጣሩት ለሞቱበት ሰዓት ነው። ሰውየው ግን የተቆለፈባቸው ከዚያ በፊት፣ ብረቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በምሳ ሰዓት ነው።

አስተዳዳሪውን በስልክ ጠየቀችው። እሱ በምሳ ሰዓት ከእንግዶቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"የቤተ መጻሕፍቱ ሹምስ?"

"እሳቸው ምሳ አልበሉም። ንግግሬን ላዘጋጅ ብለው ቀሩ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ነው የመጡት።" አሰብ አደረገ። "እጅጌያቸው እርጥብ ነበር። ቀለም ነክቶኝ ታጠብኩ አሉን።"

*

ሹሙ በሩን በቁልፍ ከፍቶ አስገባቸው። ከጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ግራጫ የብረት ቁም ሳጥን ቆሟል።

"የመጋዘኑ ቁም ሳጥን መንታ ነው አይደል?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

"አዎ፤ አብረው ነው የተገዙት።"

"እስኪ ይክፈቱልኝ።"

ቀለበቱን አውጥቶ ቁልፉን ሳይፈልግ አገኘው። ከፈተው። ኢንስፔክተሯ ግን ወደ ቁም ሳጥኑ አላየችም። ከቁልፉ አጠገብ የተንጠለጠለውን፣ በመጠንም በቅርጽም ወንድሙ የሆነውን ሌላ ቁልፍ ነበር የምታየው።

"ይኼኛውስ የምንድን ነው?"

ሹሙ ቁልፉን በመዳፉ ሸፈነ። "ብዙ ነው፤ አላስታውሰውም።"

"ሳጅን፣ ወስደህ በመጋዘኑ ቁም ሳጥን ላይ ሞክረው።"

ሳጅኑ በሄደበት ጊዜ ሹሙ አንድ ጊዜ ውኃ ጠጣ፤ አንድ ጊዜ መነጽሩን ጠረገ። ሳጅኑ ሲመለስ ያለከልክ ነበር።

"ዞረ፤" አለ። "ቅባት እንደተቀባ ነው የዞረው።"

"ቁልፉ ጠፍቷል ብለውኝ ነበር" አለችው ኢንስፔክተሯ።

የሹሙ ትከሻ ወረደ። "አልገፋሁትም" አለ። "ማለቴ፣ ሆን ብዬ አይደለም። መሣሪያዎቹን እመልሳለሁ፣ እንግዶቹ ፊት አመጣቸዋለሁ አለኝ። ክፍል እስኪዘጋጅ ብዬ ነበር ያቆየኋቸው፤ ከዚያ ጊዜው ሄደ፣ መናገር ሲያሳፍረኝ ተቃጥለዋል ብዬ መጋዘን ጣልኳቸው። ሌላ ጊዜ እናውራ ስለው አልሰማ አለ። ይኼ የአሮጌ ወንበር ዘበኛ እኔን በሰው ፊት ሊያዋርደኝ! ገፋ አደረግኩት፤ ወደቀ።"

ከአንድ ቀን በፊት "እሳቸው" ይል የነበረው አንደበት ነው።

"ሞተ ብዬ ነው" አለ ሹሙ። "እምላለሁ፣ ሞቷል ብዬ ነው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያስገባሁት። ሕይወት ቢኖረው ኖሮ ሰው እጠራ ነበር።"

"ሞተዋል ብለው አስበው ነበር?"

"አዎ።"

"የሞተ ሰው በር አይከፍትም። ታዲያ ለምን ቆለፉት?"

ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ እንባ አለቀሰ፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቀው አይመስልም።

*

ኢንስፔክተሯ የሟቹ ባለቤት ቤት ስትደርስ ሴትዮዋ ነገሩን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ኢንስፔክተሯ ማንኳኳቱን ልተወው ብላ አስባ ነበር። ኋላ ከመንደር ወሬ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብላ ነገረቻቸው።

"ያን ማታ የግቢው በር ድረስ ሄጄ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "ዘበኞቹ 'የመጋዘኑ ጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ሄደዋል' አሉኝ። አምኜ ተመለስኩ።" እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። "ድምፁን የሰማው ሰውስ?"

"ታስሮ ነበር፤ ለቀነዋል። እርስዎን ለማየት አፍሯል።"

"ይምጣ። እሱ ሊታረቅ የሄደ ሰው ነው። ሰካራም ብለው ወረቀት የለጠፉበት ግን ደጄን እንዳይረግጡ።"

ኢንስፔክተሯ ከዚያ ቤት ወጥታ በቀጥታ ወደ ግቢው ሄደች። ማስታወቂያውን በገዛ እጇ ቀድዳ ለአስተዳዳሪው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለም አላት። አዎ፣ አይደለም አለችው።

*

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። መሣሪያዎቹ ማስረጃ ናቸው ተብለው በፖሊስ ማኅተም ታሸጉ፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ጣቢያው ምድር ቤት ይቀመጡ ተባለ።

"እሱ ቆልፎባቸው ኖረ" አለችው የጣቢያውን አዛዥ። "አሁን ደግሞ እኛ እንቆልፍባቸው?"

"ሕጉ ነው።"

"ፎቶ ይነሣ፤ ቁጥራቸው ይመዝገብ፤ አንዱ ለናሙና ይቅር። ሌላው ይውጣ። ለዚህ ዕቃ ሰው ሞቷል፣ ጌታዬ።"

አዛዡ ደጋግሞ እንቢ አለ። እሷም በየቀኑ ተመልሳ በሩን አንኳኳች። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉን አስፈርማ መጣችና መሣሪያዎቹ ወጡ። ሳጅኑ ጉልበቴን ሳይል ማተሚያውን ተሸክሞ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ አደረሰው። ላስቲኩን የቀደደችው ያችው ተማሪ ናት።

ከሳምንት በኋላ አስተዳዳሪው ለኢንስፔክተሯ ደወለ። ተቆጥቷል።

"የሆነ ሰው ቢሮዬ በር ሥር ባዶ ወረቀት እየከተተ ነው። ምንም አልተጻፈበትም፤ ሁለመናው ነጥብ ነጥብ ነው። ማስፈራሪያ ይሆን?"

ኢንስፔክተሯ ወዲያው ገባት። ቢሆንም ልጅቱን ሄዳ ጠየቀቻት። ተማሪዋ አዲሱ ማተሚያ ፊት ተቀምጣ ነበር። ማሽኑ ክፍሉን እያንቀጠቀጠ ወረቀት ይወጋል።

"አቤቱታ ነው" አለች። "መሣሪያው ሳይከፈት 'ተቃጥሏል' ተብሎ ሲወገድ ከሹሙ ሌላ እነማን እንደፈረሙ ይነገረን የሚል። ፊርማ የሚሰጥ ሰው ዕቃውን ማየት አለበት፤ ዓይን አላቸው አይደል?"

"አስተዳዳሪው ማንበብ አልቻለም።"

ልጅቱ የወጣውን ወረቀት በጣቶቿ ፈትሻ፣ አጣጥፋ፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

"እንግዲያው አንባቢ ይለምን" አለች። "እኛ ስንለምን ኖረን የለ።"